የመስመር ሰፈር ስድስተኛው ቤት

«ቀድሞ ባዶ ሜዳ የነበረው መስመር ሰፈር» ይላል ወረቀቱ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ የቀበሌው ተላላኪ እደጅ ቆማ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠርታ፣ አስፈርማኝ ሰጠችኝ። የሰፈሩ ምሥረታ በዓል ሊከበር ነው አሉ፤ እኔም እንደ ነባር ነዋሪ ከፊት ወንበር ተይዞልኛል። ድንቄም ባዶ! መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ደግሜ አነበብሁት። ያው ነው፣ ባዶ ነው የሚለው። ሃምሳን ተሻግረሽም በትንሽ በትልቁ ደምሽ ይፈላል ይሉኛል ልጆቼ። ይበሉ። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባዶ አልነበረም። የገብስ ማሳ ነበር። ከማሳው ራስጌ የአራት ቤተሰብ አውድማ፣ ከአውድማው ግርጌ ሁለት ያረጁ ወይራዎች ነበሩ። ከብልባላ ለላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ አርብ ከሰዓት እዚያ ወይራ ሥር አህያውን አራግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ወሬውን ያወራ ነበር፤ ገብስ በቁና ስንት እንደዋለ፣ ኩልመስክ ላይ ጨው እንደረከሰ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳጨ። እኔ እናቴ የጠመቀችውን ቅራሪ በእንስራ አዝዬ ወርጄ እሸጥላቸዋለሁ፣ ጣሳው በስሙኒ። ስሙኒ ስል ልጆቼ ይስቃሉ። በስሙኒ ያኔ መርፌና ክር ተገዝቶ መልስ አለው። ዛሬ ወይራዎቹ በነበሩበት ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ ስሙን በፈረንጅ አፍ ጽፈውታል፤ አውድማው የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። ከከተማ ውጭ ይባል የነበረው ሰፈር ዛሬ ራሱ ከተማ ነው፤ ብሎኬቱ፣ መስተዋቱ፣ ያ ሁሉ ጡሩንባ። ያደገ ነገር አይከፋኝም እኔ። ሲያድግ የበላውን አልበላሁም ማለቱ ነው ቆሽቴን የሚያሳርረው።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልነግራችሁም፤ ክፉው ቀን አልፎ፣ ሰው ገና ሥጋው ሳይመለስ ነው ብላችሁ ያዙት። ወንዱ ካኪ ያገኘ እንደሆነ ካኪውን አይቀይርም ነበር። ሴቱ ኮንጎ ጫማ ካገኘች ወይዘሮ ናት። የእኔ ኮንጎ ሰማያዊ ነበር፤ ከወልዲያ ከሚመጣ ነጋዴ ላይ አባቴ የአንድ ሳምንት ሥራውን ሰጥቶ የገዛልኝ፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ያቃጥላል፣ ክረምት ያንሸራትታል፣ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ አውልቄ በእጄ የምይዘው ሰው እንዲያየው ነበር። ገበያው መሃል ግንድ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ መዝሙር ነው። እኔም ከኪነት ቡድኑ አንዷ ነበርሁ። አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር። ድምፄ ጥሩ ነው ሲሉኝ፣ ከፊት ሲያሰልፉኝ፣ ቀይ ሻሽ ሲያስሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልመታው ይቃጣኛል፤ ግን ያኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ጓድ ደጀኔ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ካድሬ ነው፤ ያገራችን ሰው አይደለም፤ ጫማው በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል እንዴት እንደሚያብለጨልጭ እግዜር ይወቅ። በየተረተሩ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ባንድ መንደር ይሰብሰብ ተባለ። የተመረጠው የእኛ የገብስ ማሳ ነው። ገብሱ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ለምነነው ነበር፣ ይታጨድና ይሁን ብለን። ቄሶቹ ሳይቀሩ መጥተው ለመኑት። አልሰማም። የቆመ ገብስ ላይ ገመድ ወጠረ፤ ሰው ተሰልፎ እየረገጠ በገመዱ ልክ ድንጋይ ተከለ። ቤቶቹ ገመድ ተከትለው አንድ መስመር ላይ ስለሚቆሙ ነው ሰፈሩ መስመር የተባለው። ገበሬው የራሱን ጣራ ራሱ አፍርሶ፣ ወጋግራውን ተሸክሞ እንዲመጣ ታዘዘ፤ ጣራው ከሌለ አይመለስማ። እኔ የሰው ጣራ በሰው ጫንቃ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ሽማግሌው በሩን ተሸክሞ ከኋላ፣ አሮጊቷ መቃኑን አቅፋ። እኛ ደግሞ ኪነቶቹ መንገድ ዳር ቆመን እንዘምርላቸዋለን። ወይ ነዶ!

አባቴ ፈንቴ ግንበኛ ነበር። ያገሩ ሰው ግንበኛ ፈንቴ ነበር የሚለው፤ አሁንም ቤተ ክርስቲያኖቹ አካባቢ ከቀሩት የድንጋይ ክብ ቤቶች ስንቱ የሱ እጅ ነው፣ ፈረንጅ ፎቶ ሲያነሳቸው ይውላል። በእኛ አገር የጭቃና የድንጋይ ግንብ ባንድ ትንፋሽ አይቆምም። ጉልበት ሲደርስ ይቆማል፤ አናቱ ላይ እሾህ ተደፍቶበት፣ ዶሮም ፍየልም እንዳይወጣበት፣ እስኪደርቅ ይተዋል። ከዚያ እስከ ወገብ። ያርፋል። እስከ ደረት። ያርፋል። እስከ ራስ። ያርፋል። አባቴ በእያንዳንዱ እረፍት ላይ ቀጭን ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያውን ይደረድራል፤ ግንቡ የት የት እንዳረፈ ማንም አላፊ አግዳሚ አይቶ ይቆጥረዋል። ቤት የሚያሠራ ሰው ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመለከተው እነዚያን መስመሮች ነው። ያላረፈ ግንብ ሆድ ያወጣል፤ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ከላይ ሲጭኑት ወደ ውጭ ያብጣል፣ ከዚያ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ክብ ከሆነ እንኳ ራሱን በራሱ ይደግፋል። ጓድ ደጀኔ ግን አራት ማዕዘን ነው ያለው። ማዕዘን ደግሞ እረፍት ካላገኘ ጠላት ነው ይል ነበር አባቴ።

የመጀመሪያውን ቤት አባቴ እንደ ደንቡ ሠራው። አራት ጊዜ አሳረፈው፤ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ከዚያ ከላይ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ እንግዳው ሲመጣ ሃያ ቤት ጣራ ለብሶ እንዲቆም ተፈለገ። ጓድ ደጀኔ በየቀኑ ግንቡ ሥር መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ ከጉልበት በታች የቆመውን የሁለተኛውን ቤት ግንብ በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር።

«ጓድ፣ ጭቃ ትእዛዝ አይሰማም» አለው። «ይረፍ።»

«አብዮቱ አያርፍም፣ አያ ፈንቴ» አለው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረውን እኔ አልሰማሁም፤ አባቴ ነው ማታ ለእናቴ ሲነግራት የሰማሁት። ካልጨረስህ ስምህን ለሰፈራ እጽፋለሁ ነው ያለው። ሰፈራ የሄደ ሰው በዚያን ጊዜ ተመልሶ ያየነው የለም። አባቴ ሠራ። ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ ያን ሁሉ ግንብ ባንድ ትንፋሽ ከመሠረት እስከ ጣራ አቆመ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚባል አልደረደረበትም። ለምን ሠራ የምትሉኝ ካላችሁ እናንተም ባያችሁት። እኔም ብዙ ዓመት ለምን ሠራ ብዬ ተናድጄበታለሁ፤ ልጅ ያለው ሰው የሚፈራውን ራሴ ወልጄ እስካውቀው ድረስ።

ስድስተኛው ቤት ለእትየ ደብሬ ደረሰ። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ አበባው ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን የዘመተባት ሴት ናት። አባቴ ሄዶ ለመናት፤ ጣራውን ለሁለት ሳምንት አትጫኚበት፣ ከማዕዘኑ ራቂ አላት። እሺ አለችው ምስኪን። ጓድ ደጀኔ ግን ጣራ የሌለው ቤት ለእንግዳ አይታይም ብሎ ያን የከበደ አሮጌ ወጋግራዋን በሰው አስጫነባት። እንግዳው መጣ፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ እጁን አውለበለበ፤ እኛ ዘመርን፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሄደ። ያ ሁሉ ጥድፊያ ለዚያች አንድ ሰዓት ነው። በማግሥቱ ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትየ ደብሬ ደጇን ስትጠርግ የቀኝ ማዕዘኑ ሆዱን አወጣና ላይዋ ላይ ወረደ። መጥረጊያውን እንደያዘች ነው ያወጧት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው፤ እነሱ ግን የፈሰሰውን ሌላ ሰው ነው ያስለቀሙት። ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ፣ ያው ወይራው ሥር፤ ወይራዎቹ ገና አልተቆረጡም። ጓድ ደጀኔ ተነሥቶ ይህ አሻጥር ነው አለ። የመንደር ምሥረታውን ለማሰናከል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አለ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ልናገር ሲል ተቀመጥ ተባለ፤ ግን የሚቀመጥበት አልነበረም፣ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አሻጥረኛ ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ሰው ሁሉ አወጣ። ቤቱን በእጁ የገነባላቸው ሰዎች አወጡ። እኔ ከኪነቶቹ ጋር ከፊት ረድፍ ነበርሁ፣ ቀይ ሻሼን አስሬ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔም አወጣሁ። ፈርቼ ነው፣ ልጅ ነበርሁ፣ ሁሉ ሲያወጣ ነው የምትሉኝን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። እጄ ብቻዋን አልወጣችም፤ እኔ ነኝ ያወጣኋት። አባቴ አይቶኝ ይሁን አላውቅም። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስምንት ወር ታሰረ። ሲወጣ ከስቶ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ ነው። አንድም ቀን ስለ እጄ አላነሳብኝም፤ ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀመጠም፤ የሚጠራውም አልነበረም። ሰው የገደለ ግንበኛ ማን ይጠራል? ሰው ቤት ሲያሠራ እያየ ባጠገቡ ያልፋል፤ ግንቡ ሲጣደፍ ካየ ከንፈሩን ይነክሳል። እነዚያ ባንድ ትንፋሽ የቆሙት ቤቶች ደግሞ አንድ ባንድ ወደቁ፤ መንግሥት ሲለወጥ ገሚሱ ሰው የቀረውን ወጋግራ ተሸክሞ ወደ ተረተሩ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚሁ ቀርቶ አዲስ ሠራ። መስመር ሰፈር እንደዚህ ነው ያደገው፤ እየወደቀ። ያልወደቀው የመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው።

አበባው ከጦርነቱ የተመለሰ ጊዜ እናትህን ግንበኛ ፈንቴ ነው የገደላት ተባለ። የእናቱን ቦታ አልለቅም ብሎ እዚያው ሠራና ጎረቤቴ ሆነ። እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። አባቴ የሞተ ዕለት ሬሳው በደጁ ሲያልፍ በሩን ዘጋ፤ የመዝጊያው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ቀበረው፤ ቅሬ ግዴታ ነው፣ እንኳን ሰው ጠላትም ይቀበርበታል። ግን ቀብሮ የተመለሰው ሰው ቤቴ ገብቶ አልተቀመጠም። በእኛ አገር ልቅሶ አያረጅም፤ ቀብር ያመለጠው፣ ያፈረው፣ የተጣላውም ቢሆን ዓመት ቆይቶም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ጠበቅሁ። ዓመት ጠበቅሁ። እጃቸውን ካወጡት አንድም ሰው አልመጣም። በየት ዓይናቸው ይምጡ? አበባውን ጠርቼ እንዲህ ነው የሆነው ልለው ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። የአባቴን ልንገረው ካልሁ የራሴን እጅ ሳልነግረው እንዴት ልለፍ? ስለዚህ ዝም አልሁ። የአባቴን ስም በእኔ ሐፍረት ቀብሬ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖርሁ።

እና በዓሉ ደረሰ። ሄድሁ። አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር፤ ሄድሁ። ድንኳኑን የተከሉት የት መሰላችሁ? ያን የአባቴን የመጀመሪያ ቤት አስደግፈው። የቀበሌው መጋዘን ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ፣ ለበዓሉ ሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል፤ ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ግን ከቀለሙ ሥር አራቱም እየታዩ ነው፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ ራስ። አበባው ከእኔ ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ እሱም ነባር ነዋሪ ነው። የክብር እንግዳው ከመኪና ሲወርድ ጫማው ነው መጀመሪያ የታየኝ። ጓድ ደጀኔ! ከዘራ ይዟል፣ ጎብጧል፣ ጫማው ግን ያው ያብለጨልጫል። መሥራች ተብሎ ጋቢ አለበሱት፤ የተንቆጠቆጠ ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡት። ተናጋሪው ታሪኩን ሲያነብ «በአንድ ግንበኛ ጥፋት የሰው ሕይወት ያለፈ ቢሆንም፣ መሥራቾቹ ሳይበገሩ…» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ደራርቤ ያዝኋቸው። ያቺ እጅ አንድ ጊዜ ወጥታለች፣ ይበቃታል።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌውን እየደገፉ ነባር ነዋሪዎችን ሊያስተዋውቁት አመጡት። ከፊቴ ቆሞ ዓይኑን አጠበበ።

«አንቺ የአያ ፈንቴ ልጅ አይደለሽም? ያቺ ዘፋኟ!» ብሎ ትከሻዬን ሊስም ጎንበስ አለ። «አባትሽ ደህና ናቸው?»

እንዳሳሰረው ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል የሰማሁት ተረት መስሎኝ ነበር።

«ሞቷል» አልሁት። «ድሮ።»

«ወይኔ! ነፍስ ይማር። ጎበዝ ግንበኛ ነበሩ እኮ» አለና ፈገግ አለ፣ ደግ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው። «ይረፍ ይረፍ እያሉ አስቸገሩን እንጂ! እንግዳ ደርሶብናል፣ እሳቸው ጭቃው ካልደረቀ ይላሉ። ለሰፈራ እጽፍዎታለሁ ብዬ አስፈራርቼ ነው ያስጨረስኋቸው። ወጣትነት ክፉ ነው።»

አበባው ተነሣ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የተነሣው።

«ስድስተኛውንም ቤት?» አለ።

«ሁሉንም» አለ ሽማግሌው። «ስድስተኛው የቱ ነበር?»

«እናቴ የሞተችበት።»

ሽማግሌው የአበባውን ፊት አተኩሮ አየ። ከዚያ ያስታወሰ መሰለኝ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ደጋፊዎቹ ለፎቶ ይፈለጋሉ ብለው ቶሎ ወሰዱት፤ እሱም እሺ ብሎ ሄደ፣ ዞሮ ሳያይ። እንዲህ ነው እነሱ የሚያመልጡት፤ ሁልጊዜ አንድ የሚያነሣቸው ፎቶ አለ።

አበባው ወደ ግንቡ ሄዶ መዳፉን ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ላይ አሳረፈ። ከታች ጀምሮ አራቱንም አንድ ባንድ ዳሰሳቸው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው፣ ያን ዕለት ነው የቆጠራቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽ?» አለኝ።

«አያ አበባው፣ አዎ» አልሁት። «ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቻለሁ። የገዛ አባቴ ላይ። እሱን ሳልነግርህ የአባቴን ልነግርህ አልቻልሁም።»

ያየኝ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ። እኔም የሰጡኝን የበዓል ዳቦ ወንበሩ ላይ ትቼ ቤቴ ገባሁ። በነጋታው ቀበሌ ሄጄ ያነበባችሁትን ታሪክ አርሙ አልኋቸው፤ ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ አሉኝ። ጽፌ ሰጠሁ፤ መዝገብ ቤት ገብቷል አሉኝ። እዚያው ይቀመጥ። እኔ ግን በየሳምንቱ ሰኞ እየሄድሁ እጠይቃለሁ፤ ሲያዩኝ መጣች ይላሉ።

የማይረሳኝ ግን ይህ አይደለም። ከበዓሉ በኋላ ባለው እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ በሬ ተንኳኳ። አበባው ነው፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከኋላው። አራቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሚስቱ በሞሰብ እንጀራ ይዛለች፣ እንደ ደንቡ። ማን ሞተ ልል ስል ወንበሩን ትቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን ደፋ፣ እንደ ትናንት ሐዘን ምርር ብሎ አለቀሰ።

«አያ ፈንቴ ሲያርፉ አልደረስሁም» አለ። «በሬን ዘግቼ ነበር። እግዜር ያጥናሽ።»

እኔም ተነሣሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ለእትየ ደብሬ እኔም አልደረስሁም ነበርና። እግዜር ያጥናህ አልሁት። እስከ ቀትር ተቀመጡ። ወጥተው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፣ ሰፈሩም አየ፤ ያን ቀን ወይራው ሥር እጃቸውን ካወጡት በሕይወት ያሉት በየደጃቸው ቆመው አዩ። ለአባቴ ልቅሶ የደረሰ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ በዚያ ስብሰባ እጁን ያላወጣውም፣ ሰሜን ዘምቶ ስለነበር፣ እሱ ብቻ ነበር።